በ9 ቀን 7 ኪሎ? ጅማ ላይ ለሚፋለም ወጣት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ሰላም ዶክተር። የምኖረው ጅማ ነው፤ ዕድሜዬ 23። ልጅ ሆኜ በቴኳንዶ ጀምሬ አሁን ኪክቦክሲንግና ትግል እሠራለሁ። የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ፣ ማለትም የዛሬ 9 ቀን፣ እዚሁ ከተማ አንድ አዳራሽ ውስጥ ትንሽ የኤም ኤም ኤ (ቡጢ፣ እርግጫና ትግል የተቀላቀለበት ፍልሚያ) ምሽት ተዘጋጅቷል። 3 ዙር ነው፣ እያንዳንዱ 3 ደቂቃ፤ ክርን አይፈቀድም። የመዘገቡኝ በ66 ኪሎ ነው። እኔ ግን አሁን 73 ነኝ፤ አስፋልት ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች ጋ ነው የተለካሁት። በይፋ የምንለካው ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት ነው፤ ፍልሚያው ማታ 12 ሰዓት ይጀምራል። ጓደኞቼ ላስቲክ ለብሰህ ሩጥ፣ ጫት እየቃምክ ምግብ ዝጋ፣ መጨረሻ ላይ ላሲክስ ዋጥ፣ ከተለካህ በኋላ ክሊኒክ ገብተህ ግሉኮስ ትሰካለህ ብለውኛል። ማስተሬ ዝም ብሏል። ይቻላል ወይ?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ሚዛኑ ላይ ወጥተህ 66 ማሳየት ትችል ይሆናል። 66 አሳይተህ ከ8 ሰዓት በኋላ መፋለም ግን ሌላ ነገር ነው። በ66 አትግባ። ዛሬውኑ ለአዘጋጆቹ ደውልና በ70 ኪሎ ተጋጣሚ ይፈልጉልህ፤ ካልሆነም ከዚሁ ልጅ ጋር የሚያስማማ ኪሎ ይወስኑላችሁ። ምክንያቱን ግን ዘርዘር አድርጌ ልንገርህ። «ዶክተር ከለከለኝ» ብለህ ብቻ ብትሄድ ጓደኞችህ ይስቁብሃል።

ጓደኞችህ ይህን ዘዴ ያመጡት ከዩኤፍሲ፣ ከትልቁ የአሜሪካ የኤም ኤም ኤ ድርጅት ነው። እዚያ ቅዳሜ ማታ የሚፋለም ሰው የሚለካው ዓርብ ጠዋት ነው። ከሚዛን ወርዶ ኬጅ (በአጥር የተከበበው መፋለሚያ) እስኪገባ ከ30 ሰዓት በላይ አለው። በዚያ ጊዜ ይጠጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል፣ የጣለውን ኪሎ ብዙውን ይመልሳል። ጨዋታው እዚህ ላይ ነው፦ በወረቀት 66፣ በፍልሚያው ሰዓት ከ70 በላይ። አጠገቡም የምግብ ባለሙያ አለ፣ ሐኪም አለ። እንደዚያም ሆኖ በሰው ተደግፈው ሚዛን ላይ የወጡ ታዋቂ ተፋላሚዎችን በቪዲዮ ሳታይ አትቀርም።

አንተ ያለህ 8 ሰዓት ነው። በ8 ሰዓት የጣልከውን ስለማትመልስ የዘዴው ጥቅም የለም፤ ጉዳቱ ግን እንዳለ ይጠብቅሃል። የአማተር ቦክስን ተመልከት። ቦክሰኞች የሚለኩት በውድድራቸው ቀን ጠዋት ነው። እንዲህ የተደረገው ሰው ራሱን አድርቆ እንዳይመጣ ነው። የእናንተ አዘጋጆችም አስበውበትም ይሁን አዳራሹን ለሁለት ቀን መከራየት ከብዷቸው፣ ትክክለኛውን ነገር አድርገዋል። በዚህ ሕግ የሚጠቀመው በራሱ ኪሎ የመጣው ልጅ ነው። ያ ልጅ አንተ ብትሆን ይሻልሃል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ከ73 ላይ 7 ኪሎ ማለት ከሰውነትህ 10 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ከየት ይመጣል? አንድ ኪሎ ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። ልምምድህን እየሠራህ በቀን 700 ካሎሪ ብታጎድል እንኳ በእነዚህ ቀናት ውስጥ አንድ ኪሎ ስብ አትሞላም። አንጀትህ ውስጥ ካለው ምግብ እስከ አንድ ኪሎ ይገኛል። ጡንቻና ጉበት ውስጥ የተከማቸ ስኳር አለ፣ ግላይኮጅን የሚባለው። አንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። እሱን ካሟጠጥክ አንድ ኪሎ ተኩል፣ ሁለት ኪሎ ትቀንሳለህ። ግን ሦስተኛው ዙር ላይ እግርህን የሚያነሳው እሱ ነው። ሙሉ በሙሉ ለመሙላት ደግሞ አንድ ቀን ገደማ ይፈልጋል፤ 8 ሰዓት አይበቃውም።

ይህን ሁሉ ደምረህ ገና 3 ኪሎ ይቀርሃል። ያ ንጹህ ውሃ ነው። የሚወጣው ከደምህ፣ ከጡንቻህ፣ ከየሴሉ ነው። የሰውነት ውሃ ከክብደትህ 2 በመቶ ያህል ሲጎድል ጀምሮ ጉልበትህ መውረዱ በምርመራ የታወቀ ነው። 2 በመቶ ለአንተ አንድ ኪሎ ተኩል አይሞላም። ከዚያ በላይ ሲሆን ደም ይቀንሳል፣ ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ሰውነት ራሱን ማቀዝቀዝ ያቅተዋል።

ላስቲኩን በተመለከተ። ላብ የሚያቀዘቅዘን ስለሚወጣ ሳይሆን ቆዳ ላይ ስለሚተን ነው። ላስቲክ ስትለብስ ላቡ ይወጣል፣ አይተንም። ስለዚህ ትደርቃለህ፣ ትግላለህም። ጅማ ደግሞ እርጥበት ያለው አገር ነው፤ ዝናብ ባረገዘ ከሰዓት በኋላ ያለ ላስቲክም ላብ ቶሎ አይደርቅም። የሰውነት ሙቀት 40 ዲግሪ ሲያልፍ ሰውዬው ይቀባዥራል፣ ይወድቃል፣ ኩላሊቱና ልቡ ይጎዳል። ይህ የማስፈራሪያ ወሬ አይደለም። በ1997 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሦስት የኮሌጅ ታጋዮች ከአንድ ወር ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ሞተዋል። ሦስቱም ኪሎ ለመቀነስ ላብ የማያሳልፍ ልብስ ለብሰው በሙቀት ውስጥ ሲሠሩ ነበር። ከዚያ በኋላ የኮሌጆቹ ስፖርት ማኅበር ያንን ልብስና ሳውናን ከለከለ፤ ሚዛኑንም ወደ ግጥሚያው ሰዓት አስጠጋው። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ያንግ ጂያን ቢንግ የሚባል የ21 ዓመት ቻይናዊ ማኒላ ላይ በእስያው የፍልሚያ ድርጅት በዋን ቻምፒየንሺፕ ሊፋለም ሄዶ ኪሎ ሲቀንስ ወድቆ ሞተ። ድርጅቱ ራስን በማድረቅ ኪሎ መቀነስን ከለከለና ተፋላሚዎቹን ሽንታቸውንም መመርመር ጀመረ። እነዚህ ሁሉ ወጣት፣ ጤነኛ፣ በደንብ የሠለጠኑ ልጆች ነበሩ።

ጫት። ጅማ ተቀምጠህ ስለ ጫት ስብከት አልሰጥህም፤ የምታውቀውን አልነግርህም። ግን ለኪሎ ብለህ የምትቅም ከሆነ ሒሳቡ አይሠራም። አዎ፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። በዚያው ልክ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ሰውነትህ በተጠማበት ሳምንት ልብህን ያለ ሥራው ማስሮጥ ነው። አስቂኙ ነገር ደግሞ ሆድ ያደርቃል። ጓደኞችህ ኪሎ ለመጣል ያሉህ ነገር አንጀትህ ውስጥ ያለውን ኪሎ ይዞብህ ይቀመጣል። በሕጉም በኩል ጉዳይ አለ። ጫት ውስጥ ያሉት ካቲኖንና ካቲን ሁለቱም በዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ፣ በዋዳ፣ ዝርዝር ላይ በውድድር ጊዜ የተከለከሉ ናቸው። ለካቲን የተቀመጠው ወሰን በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት 5 ማይክሮ ግራም ነው። የእናንተ ምሽት ላይ ማንም ሽንት ላይመረምር ይችላል። ነገ ብሔራዊ ቡድን ውስጥ መግባት ከፈለግህ ግን ልማዱን ከአሁኑ ለይ። ቢያንስ ከዛሬ እስከ ቅዳሜ ማታ በርጫው ይቅር። ቡና ግን ጠጣ። ካፌይን ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለ አይደለም፤ የለመደ ሰውን አንድ ሁለት ስኒ አያደርቀውም። ደግሞ ጅማ ላይ ቡና ተው ብል ማን ይሰማኛል?

ላሲክስ። ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ይኼ ነው። ፉሮሴማይድ ነው ትክክለኛ ስሙ፤ ልባቸው ለደከመና ሰውነታቸው ውሃ ለቋጠረ ሰዎች የሚታዘዝ መድኃኒት። ውሃውን ብቻ አይደለም የሚያወጣው፤ ፖታሲየምንም ያጥባል። ፖታሲየም ሲወርድ ጡንቻ ይኮማተራል፣ የልብ ምት ይዛባል። በደረቀ ሰውነት ላይ፣ ጫት ተቅሞበት፣ ከዚያ ደግሞ ማታ በሙሉ ኃይል ትፋለማለህ። እኔ ሐኪም ሆኜ እንዲህ ያለ ልጅ መሆኑን ባውቅ ወደ ኬጁ እንዲገባ አልፈርምም። ዋዳም በውድድር ጊዜም ከውድድር ውጭም ይከለክለዋል። ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ያመጣልህ ሰው ካለ መልስለት።

ግሉኮሱም እንዲሁ። እኛ አገር ግሉኮስ መሰካት የድካም ሁሉ መድኃኒት ተደርጎ ይታያል። የዋዳ ሕግ ግን ሆስፒታል ገብተህ ለሕክምና ካልሆነ በቀር በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መውሰድን ይከለክላል። አንዱ ከረጢት ብዙ ጊዜ 500 ወይም 1,000 ነው። ሕጉን ተወውና፣ በአፍህ መጠጣት የምትችል ሰው ክንድህን ማስወጋት አያስፈልግህም። መጠጣት የማትችል ከሆንክ ደግሞ ታመሃል ማለት ነው፤ አትፋለምም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያስበውም። የደረቀ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። ጭንቅላቱን የተመታ ሰውም እንዲሁ። በሁለቱ ዙሮች መሃል ሐኪሙ ዓይንህን ሲያይና ሲጠይቅህ የትኛው እንደሆነ መለየት ይቸገራል። ደርቀህ ከገባህ እኔን የመሰለ ሰው ሊረዳህ የሚችልበትን ዕድል አንተው ዘጋኸው።

እሺ፣ በ70 ከተስማሙልህ ምን ታደርጋለህ? ኤም ኤም ኤ ውስጥ ከ65.8 ኪሎ (እናንተ 66 ከምትሉት) ቀጥሎ ያለው ምድብ 70.3 ነው። ከ73 ወደዚያ 2.7 ኪሎ ነው። ይህ ሳትደርቅ ይሆናል። በመጀመሪያ ግን ትክክለኛ ኪሎህን እወቅ። የአስፋልት ዳር ሚዛን ለወሬ ነው፤ ወለሉ ትንሽ ዘመም ካለ ሁለት ኪሎ ይዋሻል። ጤና ጣቢያ ወይም ክሊኒክ ሂድና ጠዋት በባዶ ሆድ ተለካ። አዘጋጆቹ ቅዳሜ በየትኛው ሚዛን እንደሚለኩም ጠይቅ። ከተቻለ ሐሙስ ወይም ዓርብ ያንኑ ሚዛን እንድትወጣበት ለምን።

እስከሚመጣው ማክሰኞ ድረስ የምትበላውን ነገር አትለውጥ፤ መጠኑን ቀንስ። ዘይትና ቅባት፣ ጣፋጭ፣ ለስላሳ መጠጥ ይቅሩ። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ዓሣ ያዝ። ከረቡዕ ጀምሮ ደግሞ ብዙዎቻችን ጤናማ የምንለውን ነገር ለሦስት ቀን እንተወዋለን። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ቆሎ፣ ቅንጬ፣ እንጀራም ጭምር አሠር አላቸው፤ አንጀት ውስጥ ይቆያሉ፣ ውሃም ይይዛሉ። በምትኩ ነጭ ሩዝ፣ ነጭ ዳቦ፣ ልጣጩ የተላጠ ድንች፣ እንቁላል፣ ዶሮ፣ ዓሣ። ጨውና በርበሬ ቀንስ። ጾመኛ ከሆንክ ረቡዕንና ዓርብን በሩዝና በድንች እለፋቸው፤ ቀኖቹ ሁለት ብቻ ስለሆኑ ችግር የለውም። ውድድሩ ረመዳን ላይ የሚውል ከሆነና የምትጾም ከሆነ ግን ኪሎ መቀነስ የሚባለውን ጨርሶ እርሳው፤ በያዝከው ኪሎ ተጋጠም፣ አለዚያ ከዒድ በኋላ ይሁን በል።

ውሃ እንደወትሮህ ጠጣ። ከባድ ስፓሪንግ (የልምምድ ፍልሚያ) ከእሑድ በኋላ አታድርግ። ረቡዕ ላይ ጠንከር ያለ ልምምድ ሥራና ሐሙስና ዓርብ ሰውነትህን ፈታ ፈታ አድርገህ ብቻ ቁም። ዓርብ ማታ እራትህን ቀደም አድርግና ከዚያ ወዲህ ጥምህን ለማርካት ያህል ብቻ ተጎንጭ። ሰው ተኝቶ ሲያድር በትንፋሽና በሽንት ግማሽ ኪሎ ገደማ ይቀንሳል። ከዛሬ ጀምሮ ስትተኛና ስትነሳ በአንድ ሚዛን እየተለካህ የራስህን ልክ እወቅ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሦስት መቶ ግራም ቢተርፍህ ሹራብ ደርበህ ትንሽ ሶምሶማ ብታደርግ ይወጣል። ከአንድ ኪሎ በላይ ከተረፈህ ግን ተወው፤ እንዳለህ ተለካና ከተጋጣሚህ ጋር ተነጋገሩ። በዚህ ሁሉ መሃል ልብህ ደንገጥ ደንገጥ ካለ፣ ጡንቻህ ከተኮማተረ፣ ላብ ካቆመብህ ወይም ሽንትህ ጥቁር ሻይ ከመሰለ ውድድሩ አብቅቷል። ቀጥታ ሆስፒታል ሂድ።

ከሚዛን ወርደህ እስከ ማታ ያለው ጊዜ ቀላል ነው። አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ በጥብጥና ቀስ እያልክ ጠጣ። ከዓርብ ማታ ወዲህ አንድ ኪሎ ጥለህ ከሆነ እስከ ማታ አንድ ሊትር ተኩል ያህል መመለስ አለብህ። አንዴ አትገልብጠው፤ ሆድህ ተነፍቶ ትገባለህ። ሩዝ፣ ዳቦ በማር፣ ሙዝ ብላ። የመጨረሻውን ምግብ ከፍልሚያው 3 ሰዓት በፊት ጨርስ። ክትፎው ከድሉ በኋላ ይደርሳል፤ ከሽንፈቱ በኋላም ቢሆን ይበላል።

ተጋጣሚህ 70 አይሆንልኝም ካለስ? የእሱ መብት ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ፣ ተፈጥሮው 66 የሆነን ልጅ ከአንተ ጋር ማጋጠምም ትክክል አይደለም። ትንሽ ምሽት ላይ ተፋላሚ ስለሚያጥር አዘጋጆች «ያለውን ከያለው» ያገናኛሉ። ለእኔ የአንድ ምሽት ጥሩነት የሚታወቀው በኬጁና በመብራቱ አይደለም፤ ማን ከማን ጋር እንደተጣመረ ዝርዝሩን አይቼ ነው። ተጋጣሚ ካልተገኘልህ ቅር።

ለአዘጋጆቹ ስትደውል ማስተርህን ይዘህ ሂድ። ዝም ማለቱ አልገረመኝም። ብዙ ማስተሮች ልጁ የመጀመሪያ ዕድሉን እንዳያጣ ብለው ዝም ይላሉ። እሱ ሲናገር ግን ከአንተ የበለጠ ይሰማል። ኪሎውን ከጨረሳችሁ በኋላ ሌላም ጠይቁ። ኬጁ አጠገብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ግጥሚያ የሚቀመጥ ሐኪም አለ? ግጥሚያውን የማስቆም ሥልጣን አለው? ወይስ ለይምሰል የተጠራ ነው? አምቡላንሱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል? ጅማ ላይ የዩኒቨርሲቲው ሪፈራል ሆስፒታል እዚሁ ከተማው ውስጥ መሆኑ ዕድል ነው፤ ብዙ የክልል ከተማ ይህ የለውም። ግን መኪና ከሌለ ቅርበቱ ምን ያደርጋል? አምቡላንሱ አንድ ተፋላሚ ይዞ ከሄደስ? ያኔ ቀጣዩ ግጥሚያ መጠበቅ አለበት። ይህንን አስቀድመው ካላሰቡበት ንገሯቸው።

ሐኪሙን ካገኛችሁት አንድ ርካሽ ሐሳብ ስጡት። በየክሊኒኩ ያለው የሽንት መመርመሪያ ስትሪፕ የሽንትን ውፍረት በቁጥር ያሳያል። ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ተፋላሚ ሚዛን ላይ ሲወጣ ሽንቱም ቢታይ፣ ከ1.025 በላይ የሆነው ጠጥቶ እንደገና ይታይ ቢባል፣ ላስቲክ ለብሶ ራሱን ያደረቀ ብዙው እዚያው ይታወቃል። ዋን ቻምፒየንሺፕ ከዚያ ልጅ ሞት በኋላ ያመጣው አሠራር መሠረቱ ይኸው ነው።

በመጨረሻ ስለ ደም ምርመራ፤ አንተ አልጠየቅከኝም፣ አዘጋጆቹም አልጠየቁህ ይሆናል። በዚህ ስፖርት ቅንድብ ይተረተራል፣ አፍንጫ ይደማል፣ ሁለት ሰው በዚያው ደም ላይ ይንከባለላል። በደንብ በሚመሩ ውድድሮች ላይ የኤች አይ ቪ፣ የሄፓታይተስ ቢ እና የሄፓታይተስ ሲ ውጤት ያላመጣ ሰው አይገባም። እኛ አገር ሄፓታይተስ ቢ ብዙ ነው፤ የያዘው ሰው ምንም ሳይሰማው ዓመታት ሊኖር ይችላል። ክትባት አለው፣ የሚሰጠውም ሦስት ጊዜ በወራት ልዩነት ስለሆነ ለዚህ ቅዳሜ አይደርስልህም። ምርመራው ግን ይደርሳል። ነገ ጠዋት ለኪሎው ክሊኒክ ስትሄድ ደምህንም ስጥ። ተጋጣሚህም እንዲያደርግ በአዘጋጆቹ በኩል ጠይቅ።